«ሰነፈ» የሚሉት ልጅ፦ ስለ ስኪዞፍሬኒያ ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ የምሠራ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ስኪዞፍሬኒያ ስለሚባለው የአእምሮ ሕመም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ስለ ጩኸቱ ትጠይቁኛላችሁ ስል አብዛኛው ጥያቄ ስለ ዝምታው ሆነ። ደስ አለኝ፤ ሁሌም የሚረሳው እሱ ነው።

ከሞጣ፣ አንዲት እናት (ጽፋ የላከችልኝ ልጃቸው ናት)፦ ልጄ የወር መርፌውን ከጀመረ መጮኹን ትቷል። ድምፅ እሰማለሁ ማለቱም ቀርቷል። ግን ከመደብ አይነሳም። ካላሉት ፊቱን አይታጠብም። አባቱ ሰንፎ ነው ይላል።

እናቴ፣ አልሰነፈም። የዚህ በሽታ ምልክት ሁለት ወገን አለው። በአንዱ ያልነበረ ነገር ይመጣል፤ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ፣ ሊገድሉኝ ነው የሚል ጥርጣሬ። በሌላው የነበረ ነገር ይሄዳል። ይህን ሁለተኛውን ኔጋቲቭ ምልክት እንለዋለን። (ኔጋቲቭ ነው ስላቸው የደም ምርመራ መስሏቸው እልል ሊሉ የቃጣቸው ቤተሰቦች ገጥመውኛል።) የሚሄዱት አምስት ናቸው፦ የፊትና የድምፅ ለዛ፣ ንግግር፣ ተነሳሽነት፣ ከሰው ጋር የመሆን ፍላጎት፣ ደስታ። መርፌው የመጡትን ያባርራል፤ የሄዱትን ግን እምብዛም አይመልስም። ለአባቱ እንዲህ ይበሏቸው፦ ሰነፍ ከእርሻ ይሸሻል እንጂ ከድግስ አይሸሽም። ልጅዎ ለፋሲካስ ተነሥቶ ነበር?

ከዳንግላ፣ አንድ የጤና መኮንን፦ በምን ይለካል? የሆነ ምርመራ አለው?

የደምም የራጅም ምርመራ የለውም። ታማሚውን አነጋግረህ፣ አይተህ፣ ቤተሰቡን ጠይቀህ ነጥብ ትሰጣለህ። ብዙ የሚሠራበት መለኪያ ፓንስ ይባላል፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። 30 መመዘኛዎች አሉት፤ 7ቱ የኔጋቲቭ ናቸው። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጠዋል። ስለዚህ ምንም ምልክት የሌለበት ሰው ድምሩ 30 ነው፤ ዜሮ የሚባል የለም። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ከሰባቱ አንዱ ግን ሁሌም ያስቀኛል። ታማሚው ረቂቅ ሐሳብ መያዝ ይችል እንደሆነ ለማየት ምሳሌያዊ አነጋገር ፍታ ይባላል። እንግዲህ ጎጃም ነን። ዋሸራ ቅኔ ሲቆጥር የኖረን ልጅ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ተረት ፍታ ብትለው፣ ሰሙን ትቶ ወርቁን ፍለጋ ሊሄድብህ ይችላል። አንተም «ሐሳቡ ተዛብቷል» ብለህ ትጽፋለህ! ደግነቱ፣ ይህ መመዘኛ ዛሬ ከኔጋቲቭ ምልክት አይቆጠርም፤ የማሰብ ችሎታ ጉዳይ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የተስማሙት ከላይ ባልኳቸው አምስቱ ነው። ከዚያ በኋላ የወጡት ቢኤንኤስኤስ (2011) እና ኬይንስ (2013) የተባሉ የኔጋቲቭ ምልክት መለኪያዎች እነዚህን ይዘው የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም 13 መመዘኛ አላቸው። ያደረገውን ብቻ ሳይሆን የፈለገውንም ይጠይቃሉ።

ሌላም ወጥመድ አለ። የገጠር ልጅ ነጭ ጋዋን ፊት አንገቱን ደፍቶ በአጭሩ ቢመልስ ጨዋነቱ ነው። ዓይን አላየም፣ አልተናገረም ብለህ ነጥብ አትከምርበት። አብሮ አደጉን አስገባና ከእሱ ጋር ሲያወራ እየው። የምታወዳድረውም ከአንተ ጋር ሳይሆን ከመታመሙ በፊት ከነበረው ከራሱ ጋር ነው።

ከባሕር ዳር፣ የታማሚ እህት፦ ወንድሜ ስንቀልድ አይስቅም፤ ፊቱ ድንጋይ ነው። ምንም አይሰማውም ማለት ነው?

አይደለም እህቴ። ፊት ላይ አለመታየቱና ውስጥ አለመሰማቱ ለየቅል ናቸው። ብዙ ታማሚዎች ደስ የሚል ነገር እጃቸው ሲገባ ደስታው ይሰማቸዋል። ይበልጥ የሚጎድላቸው «ደስ ይለኛል» ብሎ አስቀድሞ መጓጓቱ ነው። «ቡና ትጠጣለህ?» ስትይው ዝም ይላል። ስኒውን ስታቀብይው ግን እስከ በረካ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን ቀንሺ፤ ስኒውን አቀብይው።

ከቡሬ፦ መድኃኒቱ ነው ያደነዘዘው። ልናስቆመው ነው።

አታስቁሙት! ጥርጣሬያችሁ ግን ተገቢ ነው። ሃሎፔሪዶልና ፍሉፌናዚን የተባሉት የዚህ በሽታ መድኃኒቶች ሰውነትን ሊያገትሩ፣ ፊትን ሊያደርቁ ይችላሉ። ሲራመድ እጁ መወዛወዙን ትቷል? ይንቀጠቀጣል? ለሃጩ ይዝረከረካል? ይህን ለሚያክመው ሰው ንገሩ። መጠኑ ሊቀነስ፣ መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል።

ሌሎችም መንስኤዎች አሉ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ የተወው ሊመርዙኝ ነው ብሎ ፈርቶ ከሆነ፣ መታከም ያለበት ፍርሃቱ ነው። ጓዳ ተዘግቶበት የከረመ ሰው ቢፈዝ አይገርምም። አረቄና ጫትም አሉ። ድብርትም እንዲሁ ዝም ያሰኛል፤ ነገር ግን የተደበተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐዘኑን፣ ጸጸቱን፣ ተስፋ መቁረጡን ይናገራል። ሞትን ካነሣ በዚያው ቀን ይዛችሁት ኑ። እነዚህ ሁሉ ተጣርተው ሳያልቁ «በሽታው ነው፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አይባልም። እኔም ድሮ ብያለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከቢቸና፦ ጸበል ላይ ነው። መድኃኒቱን ያቋርጥ?

ሁለቱም አብረው ይሂዱ።

ከደጀን፦ መርፌው ካልመለሰው ታዲያ ምን እናድርግ?

በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ካሪፕራዚን የተባለ መድኃኒት ለእነዚህ ምልክቶች ሪስፔሪዶን ከተባለው ሌላ መድኃኒት ተሽሎ ታይቷል። እኔ ግን የአገራችንን ልንገራችሁ። ጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ፣ የሠለጠኑ የአካባቢው ሠራተኞች ለአንድ ዓመት የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎችን ቤት ለቤት ይደግፉ ነበር። ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ ማለት ነው። ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ የታማሚዎቹ የዕለት ተዕለት ኑሮ ተሻሽሏል።

ቤታችሁ ውስጥም ከትንሽ ሥራ ጀምሩ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከሰው ጋር። ወንፈል ሲወጣ ይውጣ፤ ባያጭድ ውኃ ያቀብል። አንድ ደብተር ግዙና በየእሑዱ ጻፉ፦ ሳይነገረው ታጥቧል? ከግቢ ወጥቷል? ራሱ ወሬ ጀምሯል? «እፈልጋለሁ» ያለው ነገር አለ? ለቀጠሮ ስትመጡ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ። እኔ በአሥር ደቂቃ የማላየው እሱ ላይ አለ።

ከሞጣ፣ እኒያው እናት፦ ለፋሲካም አልተነሣ። ትናንት ማታ ግን ማንም ሳይጠራው ወጥቶ ጥጃውን አሰረ። ይቆጠራል?

ይቆጠራል እንጂ! ደብተሩን በሱ ይጀምሩልኝ።