ሳሎኑ ስንት ሰው ይይዛል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 67 ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ 31 ዓመት ኖሬአለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ታክሲ ነው የነዳሁት። ባለፈው ኤፕሪል ጡረታ ወጣሁ። ልጆቻችን አድገው ትዳር ይዘዋል። እኔ የምፈልገው ቀሪ ዘመኔን ብርድ በሌለበት ቦታ ማሳለፍ ነው። ፍሎሪዳ፣ ፎርት ማየርስ አካባቢ ከ55 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የተሠራ መንደር አግኝቻለሁ። ከባሕሩ በመኪና 20 ደቂቃ ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ 1,400 ስኩዌር ፊት፣ መዋኛ፣ ጂም። ሣር ማጨድ የለ፣ በረዶ መጥረግ የለ። የስቴት የገቢ ግብርም የለም። ባለቤቴ ግን ሰበብ ታበዛለች። አብረን ሄደን ስናይ ሻጯ ያን ሁሉ አስረድታን፣ እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሳሎኑ ስንት ሰው ይይዛል?» አለች። አፍሬ ሳቅሁ። ለሁለት ሰው ቤት እየገዛን ስንት ሰው ይይዛል ይባላል? በፌብሩዋሪ የሥራ ባልደረባዬን በበረዶ ቀብረን ከተመለስን ወዲህ ይህን ብርድ አልችለውም። ቦታው እንዳያመልጠን ትንሽ ቀብድ ከፍያለሁ፤ እሷ ገና አታውቅም። እንዴት ላሳምናት?

መልስ፦ በዕድሜ ታናሽዎ ስለሆንኩ ጋሼ ልበልዎት። ምኞትዎ ነውር የለበትም። 31 ዓመት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የመኪና መስታወት ላይ በረዶ የፋቀ ሰው ፀሐይ ቢናፍቅ ማንም አይፈርድበትም። እኔ ግን ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ ሦስቱንም ጊዜ እርስዎ በሳቁበት ቦታ ላይ ቆምኩ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርዎት። ልጅ ሆኜ እናቴ የኪራይ ቤት ስትፈልግ አብሬያት እሄድ ነበር። ክፍሎቹን ከማየቷ በፊት በሩ ላይ ያለውን ሜዳ በዓይኗ ትለካለች። «እዚህ ድንኳን ይተከላል?» ትላለች አከራዩን። እኔ ሠርግ የምታስብ ይመስለኝ ነበር። ሠርግ ደስ ስለሚለኝ፣ ሜዳው ሰፊ ከሆነ ቤቱን እንድትከራይ እጇን እጎትት ነበር።

ባለቤትዎም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እርስዎ ቤቱን በስኩዌር ፊት ለኩት፤ እሳቸው በወንበር። የማኅበር ቀን ስንት ሰው ይቀመጣል? ክርስትና ሲሆንስ? ለቅሶ ሲሆንስ? አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለቅሶ ቤት ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጫማው ከበሩ እስከ ደረጃው ተደርድሮ፣ ወጥ በትሪ እየገባ፣ የዕድር ሰዎች ታጣፊ ወንበር ከመኪና እያወረዱ፣ የጎረቤት ፓርኪንግ ሁሉ ተይዞ። ባለቤትዎ ያንን ሁሉ ሰው በዚያ አዲስ፣ ነጭ ሳሎን ውስጥ ሊያስቀምጡ ሞከሩ። አልገባላቸውም። ደግሞስ ያ ሁሉ ሰው እዚያ ከየት ይመጣል?

የማን ለቅሶ ነው ካሉኝ፣ ወይ የእርስዎ ነው ወይ የራሳቸው። ለሁለት ሰው የተገዛ ቤት አንድ ቀን የአንድ ሰው ቤት ይሆናል። ይህን ደብዳቤዎ የትም ቦታ አያነሳም። መዋኛውን አንስተዋል፣ ግብሩን አንስተዋል። ከሁለት አንዳችሁ በዚያ መንደር ብቻችሁን ስትቀሩ ማክሰኞ ከሰዓት ምን እንደምታደርጉ ግን የለም። ባለቤትዎ መኪና ይነዳሉ? እሱንም አልጻፉልኝም። ባለ ታክሲ ያገባች ሴት መንዳት ሳትለምድ ስትቀር ብዙ አይቻለሁ፤ ሹፌር አላትና።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። በጠቅላላው ደብዳቤ ውስጥ ከቤተሰብዎና ከሻጯ ውጭ የተነሳ አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱም የሞተው ባልደረባዎ ነው፤ ያገኘውም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንኳ ያማረሩት ብርዱን ነው። ስንት ዓመት አብራችሁ ሠራችሁ? ኤርፖርት ተራ ስትጠብቁ ስለ ምን ታወሩ ነበር? ጡረታ ስንወጣ እንዲህ እናደርጋለን ያላችሁት ነገር ነበረ? ቨርጂኒያ 31 ክረምት በረዶ ጥሎብዎታል፤ ሠላሳውን ችለውታል። የመጨረሻውን የማይቻል ያደረገው ቴርሞሜትሩ አይመስለኝም።

ሆልምስና ራሄ የተባሉ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች በ1967 የሕይወት ለውጦችን በሚያስከትሉት ጫና መዝነው ነበር። የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ተሰጠው። ጡረታ መውጣት 45፣ የቅርብ ጓደኛ ሞት 37፣ ቤት መቀየር 20። ሚዛኑ ሻካራ ነው፤ ሰውን በቁጥር መመዘን አልወድም። ግን እርስዎ ሁለቱን በሦስት ወር ውስጥ ተሸክመው ሦስተኛውን ሊደርቡ ነው። ለዚያውም ለሁለቱ የሚሆን መድኃኒት ነው ብለው።

እንግዲህ ሁለታችሁም ያያችሁት አንድ ነገር ነው። በፌብሩዋሪ ከመቃብር ሲመለሱ እርስዎ ከዚያ ቀን የሚርቁበትን መንገድ ፈለጉ። እሳቸው ያ ቀን እኛ ቤት ሲመጣ ማን አጠገቤ ይቀመጣል ብለው ወንበር ቆጠሩ። «ሰበብ ታበዛለች» ያሉት ፍርሃት ነው፤ እርስዎም ያው ፍርሃት አለብዎት። እሳቸው ቢያንስ ጮክ ብለው ጠየቁ። እርስዎ ደግሞ ሳቁ።

እዚያም ሰው አለ፣ እንላመዳለን ይሉኝ ይሆናል። ይቻላል። ሎራ ካርስተንሰን የተባሉ የስታንፎርድ የሥነ ልቦና ሊቅ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው። ሰው የቀረው ጊዜ አጭር እንደሆነ ሲሰማው አዲስ ሰው ከማብዛት ይልቅ በልቡ ወደ ቆዩት ጥቂት ሰዎች ይጠጋል ይላሉ። ስለዚህ በመዋኛው ዳር ደግ ጎረቤት አያጡም። «ያቺን ዶጅ መኪና ታስታውሳለህ?» የሚልዎት ግን ከየትም አይመጣም።

ቀብዱን ሳላነሳ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልችልም። «ትንሽ» አሉት። ገንዘቡ ትንሽ ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄዎ «እንዴት ላሳምናት» ነው፤ ተወስኖ ያለቀን ነገር ማሳመን ደግሞ ምክክር አይባልም። ባለቤትዎ ከወረቀት ላይ ቀድመው ካገኙት፣ ክርክሩ ስለ ፍሎሪዳ መሆኑ ይቀራል። እርስዎ ይንገሯቸው። ሲነግሯቸው «ለአንቺው ብዬ ነው» አይበሉ፤ ለእሳቸው ብለው አይደለም። «ፈራሁ» ቢሉ ይሻላል። በእርስዎ ዕድሜ ያለ ወንድ ይህችን ቃል ለማውጣት እንደሚቸገር አውቃለሁ።

ስለ ቦታው ምርጫ ብዙ የምለው የለኝም፤ የቤት ደላላ አይደለሁም። ጥቂት ነገር ግን ልጠቁም። እንዲህ ያሉ መንደሮች አብዛኞቹ ለጤነኛ ጡረተኛ የተሠሩ ናቸው። አልጋ ላይ ለዋለ ሰው አስታማሚ የላቸውም፤ ሜዲኬርም (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) የረጅም ጊዜ የዕለት ተዕለት እንክብካቤን አይከፍልም። በፌዴራል ሕጉ መሠረት ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች ቢያንስ በ80 ከመቶው ውስጥ 55 ዓመት የሞላው ሰው መኖር አለበት። ብዙ ቦታ በተጨማሪ የልጅ ልጅ በዓመት ስንት ቀን ማደር እንደሚችል የሚወስን የውስጥ ደንብ አለ። ደንቡን ያስነብቡ። ያ አካባቢ በሴፕቴምበር 2022 ኢያን የተባለው ሃሪኬን የመታው ነው። ስለዚህ የኢንሹራንሱንና የኤችኦኤውን (የመንደሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ወርሃዊ ክፍያ ከነጭማሪው አስበው ይዩት። ሙቀት ወዳድ ነኝ ካሉም ቦታውን በኦገስት ይጎብኙት።

ምናልባት መሐል መንገድ አለ። የአሌክሳንድሪያውን ቤት ሳትሸጡ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ተከራይታችሁ ብትሞክሩትስ? አሜሪካኖቹም ይህን ያደርጋሉ፤ «ስኖውበርድ» ይሏቸዋል፣ የበረዶ ወፍ እንደማለት። ከሁሉም በፊት ግን ትንሽ ቢዘገዩ እመርጣለሁ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቤት ባይሸጥ ጥሩ ነው፤ አንድ ዓመት ቢያልፍ ምኞቱ ያው ይሁን ሌላ ይታወቃል። በዚህ መሐል ሁለታችሁም ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ የምታወሩት የምክር ባለሙያ ፈልጉ። ዋሽንግተን አካባቢ አማርኛ የሚናገሩ አሉ። ለመጀመሪያው ቀን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ማውራት የሚቀላችሁ ከሆነም በእሳቸው ጀምሩ። በደብዳቤ የእርስዎን ወገን ብቻ ነው የሰማሁት። ባለቤትዎ ቢጽፉልኝ ሌላ ነገር ልል እችላለሁ።

የባልደረባዎ ሙት ዓመት በፌብሩዋሪ ነው። እስከዚያ ባለቤቱን ሄደው ይጠይቋት፤ ብቻዎን ሳይሆን አብራችሁ። ለቅሶው ሲነሳ የቀሩት ወንበሮች ስንት እንደሆኑ እሷ ትነግራችኋለች።

ብዙ ውሎች ቀብድ የሚመለስበትን ቀን ይወስናሉ። የእርስዎ መቼ እንደሚያልቅ ዛሬ ማታ ያንብቡት፤ መነጽርዎን ለባለቤትዎም ያውሷቸው።