«ዳውን አት ዘ ሾፕ» ለምን ይባላል? የእንግሊዝኛ ጥያቄና መልስ

ስለ እንግሊዝኛ መስተዋድዶች (ከስም ፊት ስለሚገቡት «አት»፣ «ኢን»፣ «ቱ»ን የመሳሰሉ ቃላት) የሚከብዳችሁን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ያረፈው «ዳውን»፣ «አፕ»፣ «ኦቨር»ን የመሳሰሉ የአቅጣጫ ቃላት ከመስተዋድድ ፊት ሲመጡ ላይ ነው። ደስ ብሎኛል። የሰዋስው መጻሕፍት ፈጠን ብለው ያልፉታል እንጂ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሥራ ባልደረባዬ «ሺ ኢዝ ዳውን አት ዘ ሾፕ» አለችኝ። ሁለት መስተዋድድ ተከታትሎ መምጣቱ ስህተት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። እዚህ ላይ «ዳውን» ተውሳከ ግስ፣ ማለትም ግስን የሚያብራራ ቃል ነው፤ መስተዋድዱ «አት» ብቻ ነው። «አት ዘ ሾፕ» ትክክለኛውን ቦታ ይናገራል። «ዳውን» ደግሞ ቦታው ከተናጋሪዋ አንጻር በየት በኩል እንደሆነ ይጠቁማል፤ ቁልቁል፣ ከፎቁ በታች ወይም መንገዱን ይዞ ወረድ ብሎ። እኛስ «እታች ሱቁ ጋ ናት» እንል የለ? ቅደም ተከተሉም ያው ነው፤ መጀመሪያ አቅጣጫው፣ ከዚያ ቦታው። «ዳውን»ን ብታወጪው ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ ስህተት አይኖርበትም፤ ሰሚው ግን ወዴት እንደሚያይ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ታዲያ «አፕ» መቼ መስተዋድድ፣ መቼ ተውሳከ ግስ እንደሆነ በምን ልለይ?

መልስ፦ ከኋላው ያለውን ቆርጠህ ሞክር። «ሺ ራን አፕ ቱ ዘ ሩፍ» ከሚለው «ቱ ዘ ሩፍ»ን ብታስወግድ «ሺ ራን አፕ» ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ሮጣ ወደ ላይ ወጣች። «ሺ ራን አፕ ዘ ስቴርስ» ሲባል ግን «አፕ» በቀጥታ «ስቴርስ»ን ይዟል፤ እዚያ መስተዋድድ ነው። ጆሮም ይረዳሃል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አፕ» ጠንከር ብሎ ይነገራል፤ «ቱ» ግን «ተ» እስክትመስል ትደክማለች። ብዙዎቻችን ስናዳምጥ የምታመልጠን ይቺ የደከመችው ናት። ስለዚህ ስንጽፍም እንጥላታለን።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ሰዉ «አፕ ኢን ካናዳ»፣ «ዳውን ኢን ቴክሳስ»፣ «አውት ኢን ካሊፎርኒያ»፣ «ኦቨር ኢን ዱባይ» ይላል። በምን ይመርጣሉ?

መልስ፦ በካርታው። ሰሜን «አፕ»፣ ደቡብ «ዳውን» ነው። «አውት» ከመሀል ርቆ የወጣ ቦታን ያሳያል። የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነስተው ወደ ምዕራብ ስለተስፋፉ አሜሪካኖች ዛሬም ምዕራቡን «አውት»፣ የተነሱበትን ምሥራቅ «ባክ ኢስት» ይሉታል። «ኦቨር» በመካከል የሚሻገሩት ነገር ሲኖር ነው፤ ባሕርም ይሁን መንገድ። ጎረቤትህም «ኦቨር አት ማይ ፕሌስ» ብሎ ቤቱ ይጋብዝሃል።

እንግሊዝ አገር ግን ካርታው ሁልጊዜ አይሠራም። ከሰሜን የሚመጣ ሰው እንኳ በቆየው ልማድ «አፕ ቱ ለንደን» ሊል ይችላል፤ በባቡር ሐዲዱም ወደ ለንደን የሚወስደው መስመር በአብዛኛው «አፕ» ነው። ኦክስፎርድ የሚማር ተማሪም «አፕ አት ኦክስፎርድ» ነው፤ ከተባረረ «ሰንት ዳውን» ይባላል። እዚህ ላይ ቃሉ የሚያሳየው ከፍታን ሳይሆን ክብርን ነው።

ጥያቄ፦ «ባክ ኢን 2005» ሲሉስ?

መልስ፦ ዓመቱ ራቅ ማለቱን መግለጫ ነው። «ኢን 2005» ብቻውን ይበቃል። ለመጪ ጊዜ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሁለት የአቅጣጫ ቃላት ሲደራረቡ የትኛው ይቅደም?

መልስ፦ «ባክ» ይቀድማል። «ፑት ኢት ባክ አፕ ኦን ዘ ሼልፍ» ማለት ወደነበረበት መደርደሪያ መልሰህ አስቀምጠው ነው፤ «አፕ ባክ» አይባልም። ተውላጠ ስሙ «ኢት» ከግሱ ቀጥሎ መምጣቱንም ልብ በሉ። «ካም ኦን ኢን» ላይ ያለው «ኦን» ደግሞ አቅጣጫ አያሳይም፤ «ኧረ ግቡ!» እንደምንለው ግብዣውን ያሞቀዋል።

ጥያቄ፦ ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ለምን ይከብዳል?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። በአማርኛ አቅጣጫውን የሚሸከመው ግሱ ነው፤ ወጣ፣ ገባ፣ ወረደ፣ ተመለሰ። አካሄዱን በጎን እንጨምራለን፤ «እየሮጠ ወጣ»። እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፤ ግሱ ሩጫውን ይይዝና አቅጣጫው ለ«አውት» ይተዋል፤ «ሂ ራን አውት ኢንቱ ዘ ስትሪት»። ሊዮናርድ ታልሚ የተባለው የቋንቋ ሊቅ ቋንቋዎችን የከፈለው በዚሁ ልዩነት ነው። ተማሪዎቻችን ግን የለመዱትን ግስ ፍለጋ «ኤግዚት»፣ «ዲሴንድ»፣ «ሪተርን» ይላሉ። ስህተት አይደለም፤ የጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ግን ይመስላል። ልጅን ከዛፍ ላይ «ዲሴንድ» የሚል እናት የለችም፤ «ካም ዳውን ፍሮም ዜር» ነው የምትለው። ስለዚህ ግሱን ለብቻ አታጥኑ፤ ከአቅጣጫውና ከቦታው ጋር ባንድ ትንፋሽ ያዙት።

ጥያቄ፦ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲ ዩ» ብዬ ጽፌ ታረምኩ።

መልስ፦ ያቺ «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነች ስም ወይም «ኢንግ» ተጨምሮበት እንደ ስም የሚያገለግል ግስ ትፈልጋለች፤ «ቱ ሲዪንግ ዩ» በል።

ጥያቄ፦ «ኢን ቱ» ሲነጠልና «ኢንቱ» ሲገጥም ልዩነት አለው?

መልስ፦ አለው፣ በጣም! «ሂ ተርንድ ሂምሰልፍ ኢን ቱ ዘ ፖሊስ» ማለት እጁን ለፖሊስ ሰጠ ነው፤ «ኢን» የግሱ ናት። ገጥማችሁ ከጻፋችሁት ራሱን ወደ ፖሊስነት ለወጠ ይሆናል። «ሎግ ኢን ቱ»ም እንዲሁ ተነጥሎ ቢጻፍ ይሻላል። «ዎክ ኢንቱ ዘ ሩም» ግን ይገጥማል።

ጥያቄ፦ «አውት ዘ ዊንዶው» ወይስ «አውት ኦፍ ዘ ዊንዶው»?

መልስ፦ አሜሪካኖች ከመስኮትና ከበር ጋር «ኦፍ»ን ይተዋሉ። ከመኪና ጋር ግን አትተዉት፤ «ጌት አውት ኦፍ ዘ ካር»።