ፕሮጀክቶች ቅንብር ሲጋሩ ገደቡ የት ላይ ይሁን?

ጥያቄ ከባሕር ዳር፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የምህንድስና አማካሪ ድርጅት ውስጥ የፕሮጀክት ክትትል ባለሙያ ነኝ። የአነስተኛ መስኖ፣ የገጠር መንገድና የሕንፃ ሥራዎቻችንን በሙሉ የምንከታተለው በጂራ ሶፍትዌር ነው። ሲጀመር ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ሁሉም ፕሮጀክቶች የመጀመሪያውን ፕሮጀክት ቅንብር እንዲጋሩ ተደረገ። በቅርቡ በምዕራብ ጎጃም አንድ የመስኖ ፕሮጀክት የሚመሩ ባልደረባችን፣ ግንባታው ተጠናቆ ለውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር የሚተላለፍበትን ደረጃ በሥራ ሂደቱ ላይ አስጨመሩ። ከዚያ በኋላ የሕንፃ ቡድኑ ቲኬቶች (በጂራ የተመዘገቡ ሥራዎች) ይህን ደረጃ ካላለፉ አልዘጋ አሉ። ኃላፊዎቼ መጋራቱ ጨርሶ እንዲቀር ይፈልጋሉ፤ እኔ ግን እያንዳንዱ ፕሮጀክት በየራሱ መንገድ ከሄደ ወርኃዊ ሪፖርት ማጠናቀር አዳጋች እንዳይሆን እሰጋለሁ። የትኛው ፕሮጀክት ከየትኛው ጋር ቅንብር መጋራት እንደሚችል መወሰን ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በጂራ ውስጥ «ይህ ፕሮጀክት ከዚያኛው ጋር ብቻ ይጋራ» ብሎ የሚያዝ አንድ ቁልፍ ፈልገው አያገኙም። ገደቡ የሚበጀው የትኛው ፕሮጀክት ከየትኛው ስኪም (በአንድ ስም የተጠቀለለ የቅንብር ደንብ) ጋር እንደሚያያዝ በመለየትና ስኪሙን የመለወጥ ሥልጣን በማን እጅ እንደሚሆን በመወሰን ነው።

በድርጅት ደረጃ በሚተዳደሩ የጂራ ፕሮጀክቶች የቲኬት ዓይነቶች፣ የሥራ ሂደት፣ የቅጽ ገጾች፣ የመስኮች (በቅጹ ላይ መረጃ የሚሞላባቸው ቦታዎች)፣ የፈቃድና የማሳወቂያ ቅንብሮች የየራሳቸው ስኪም አላቸው፤ አንዱ ስኪም ደግሞ ብዙ ፕሮጀክቶችን ሊያገለግል ይችላል። አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት ከነባር ፕሮጀክት ጋር ቅንብር እንዲጋራ ከተመረጠ፣ አዲሱ ፕሮጀክት ከነባሩ ስኪሞች ጋር በቀጥታ ይያያዛል እንጂ የራሱ ቅጂ አይሠራለትም። ስለዚህ የመስኖና የሕንፃ ቡድኖቻችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ የሥራ ሂደት ላይ ሲሠሩ ነበር። ባልደረባዎ የጠየቁት ደረጃ ለመስኖ ሥራ ትክክለኛና አስፈላጊ ነው፤ ቦዩን ተረክቦ የሚያስተዳድር ማኅበር ሳይኖር የመስኖ ፕሮጀክት ተጠናቀቀ ሊባል አይገባም። ችግሩ የመጣው አፈጻጸማቸው የተለያየ ሥራዎች በአንድ የሥራ ሂደት ስኪም እንዲያያዙ በመደረጋቸው ነው።

ከዚህ በመነሣት ኃላፊዎችዎ እንዳሰቡት ሁሉንም መነጣጠል አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም። ጂራ አንዱን ስኪም እያጋሩ ሌላውን ለመለየት ስለሚፈቅድ፣ ጥያቄውን በየስኪሙ መመልከት ይሻላል። የማሳወቂያውና የቅድሚያ ደረጃው ቅንብር ለሁሉም አንድ ቢሆን የሚጎዳ ቡድን አይኖርም። የሥራ ሂደቱ ግን በሥራው ዓይነት ይከፈል። የመስኖ ፕሮጀክቶቻችሁ ሁሉ በርክክብ ወደ ማኅበር ስለሚያልፉ እርስ በርሳቸው ይጋሩ። የሕንፃዎቹ ደግሞ ጊዜያዊ ርክክብ፣ የጉድለት ማስተካከያ ጊዜና የመጨረሻ ርክክብ የሚሉ ደረጃዎች ስለሚያስፈልጓቸው የራሳቸው ሂደት ይኑራቸው። መንገዶቹ በርክክብ ረገድ ለሕንፃው ስለሚቀርቡ ከሕንፃው ሂደት ጋር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ የመንገድ ቡድኑ መሪ የተለየ ነገር እስካልጠየቁ ድረስ ሦስተኛ ሂደት መፍጠር አይኖርብዎትም።

ስለ ሪፖርቱ ያነሡት ስጋት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጂራ መፍትሔ ያዘጋጀለት ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ የሥራ ደረጃ፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ ያልተጀመረ፣ በሂደት ላይ ያለ ወይም የተጠናቀቀ ከሚሉት ሦስት ምድቦች በአንዱ ሥር ይመደባል። የመስኖው ቡድን «ለማኅበር ርክክብ በመጠባበቅ ላይ» የሚል ደረጃ፣ የሕንፃው ቡድን ደግሞ «በጉድለት ማስተካከያ ጊዜ» የሚል ደረጃ ቢኖራቸው፣ ሁለቱም በሂደት ላይ ባለው ምድብ ሥር እስከተቀመጡ ድረስ ወርኃዊውን ሪፖርት በምድቡ አጣርተው በአንድነት ሊያወጡት ይችላሉ። እንዲያውም በየፕሮጀክቱ የደረጃ ስሞችን አስገድዶ አንድ ከማድረግ ይልቅ፣ ስሞቹን ለየሥራው ትቶ ምድቡን በጥንቃቄ መምረጥ ለሪፖርት ጥራት የበለጠ ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

መለያየቱን ሲፈጽሙ አሁን ያለውን የሥራ ሂደት ቅጂ ይሥሩ፤ ለሕንፃ የማያስፈልገውን ደረጃ ከቅጂው ያውጡ፤ ከዚያም ቅጂውን የያዘ አዲስ የሥራ ሂደት ስኪም አዘጋጅተው ከሕንፃና ከመንገድ ፕሮጀክቶች ጋር ያያይዙት። በዚህ ጊዜ ጂራ በአዲሱ ሂደት ውስጥ በሌለ ደረጃ ላይ የሚገኙ ቲኬቶች ወዴት እንደሚዛወሩ ይጠይቅዎታል። ይህን ጥያቄ በዚያው ቅጽበት ለመመለስ አይሞክሩ፤ ከየቡድኑ መሪ ጋር አስቀድመው ተስማምተው በጽሑፍ ይያዙት፤ ዝውውሩንም ሠራተኛው ሥራ ላይ በማይሆንበት ሰዓት ያካሂዱ። ወደፊትም ማንኛውንም በሥራ ላይ ያለ ሂደት ከመነካካትዎ በፊት ስንት ፕሮጀክቶች እንደሚጋሩት ጂራ ራሱ ስለሚያሳይ፣ ያንን ቁጥርና ዝርዝሩን ሳይመለከቱ አይለፉ።

ለባልደረባዎ ፕሮጀክት ልዩ የሆኑ መስኮችን በተመለከተ የሚፈልጉትን ገደብ በቀጥታ ያገኛሉ። ለምሳሌ «የሚለማ መሬት በሄክታር» የሚል መስክ ሲፈጠር አውዱ (መስኩ የሚሠራበት ወሰን) በተመረጡ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲወሰን ማድረግ ይቻላል፤ እንዲህ ከተደረገ የሕንፃ ባለሙያው ከቶም አያየውም። ገደብ ሳይበጅላቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑ መስኮች ሲበዙ ቅጾቹን ከማጨናነቃቸውም በላይ ሶፍትዌሩን ያዘገያሉ።

የሚቀረው የሥልጣን ጉዳይ ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማሳስበው ይህንን ነው። ስኪምን መፍጠርና ከፕሮጀክት ጋር ማያያዝ የጂራ አስተዳዳሪዎች ሥልጣን ነው። የፕሮጀክት አስተዳዳሪ የተስፋፋ ፈቃድ ቢሰጠው እንኳን የሥራ ሂደትን በተወሰነ ደረጃ ማሻሻል የሚችለው፣ ያ ሂደት ከሌላ ፕሮጀክት ጋር ያልተጋራ ሲሆን ብቻ ነው። እንግዲህ የተጋራውን ሂደት ማሻሻል የሚችሉት የጂራ አስተዳዳሪዎች ብቻ ስለሆኑ፣ የእነርሱ ቁጥር በጣም ጥቂት መሆን አለበት። ገበሬዎቻችን አንድ ቦይ ሲጋሩ ተራውን የሚያስጠብቅ የውኃ አባት እንደሚመርጡት ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ የተጋራ ስኪም አንድ ኃላፊ በስም ይሰየም፤ ለውጥ ሲጠየቅም ስኪሙን የሚጋሩት ፕሮጀክቶች መሪዎች ሁሉ ሳይስማሙ አይፈጸም።

ኃላፊዎችዎ በአሳባቸው ቢጸኑ፣ ጂራ በቡድን ደረጃ የሚተዳደር የፕሮጀክት ዓይነትም አለው፤ የዚህ ዓይነቱ ፕሮጀክት ቅንብር ለብቻው የሚቆም ነው። ይህ ግን የሚገኘው በክላውድ በሚቀርበው ጂራ ብቻ ነው፤ በራሳችሁ ማሽን ላይ የተጫነ የጂራ ሰርቨር የምትጠቀሙ ከሆነ የዚህ ምርት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2024 መቋረጡን አብራችሁ ልታስቡበት ይገባል። ብዙ ሥራዎችን አነጻጽሮ ሪፖርት ለሚያቀርብ አማካሪ ድርጅት በቡድን ደረጃ የሚተዳደረውን ዓይነት አልመክርም።

ጥያቄ ከደብረ ማርቆስ፦ ከውጭ አገር የምህንድስና ቡድን ጋር በርቀት እሠራለሁ። የምንጠቀመው አይቢኤም ኢንጂነሪንግ ላይፍሳይክል ማኔጅመንት የተባለውን የምህንድስና ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ሌሎች ፕሮጀክቶች የእኛን የአሠራር ደንብና የቴክኒክ መሥፈርቶች እንዲጠቀሙ እንፈልጋለን፤ ነገር ግን እንዳሻቸው እንዲለውጧቸው አንፈልግም። እኛም መሥፈርት ስናሻሽል ሥራቸው ሳይታሰብ እንዲናጋባቸው አንሻም። ምን ይበጀናል?

መልስ፦ ያነሡት ጉዳይ ሁለት የተለያዩ የመጋራት ዓይነቶችን ይመለከታል። የአሠራር ደንቡን በተመለከተ አንዱ የፕሮጀክት ክልል (በሶፍትዌሩ ውስጥ የአንድ ፕሮጀክት ሥራና ደንብ የሚያዝበት ቦታ) ደንቡን ለሌሎች ሊያቀርብ፣ ሌሎቹም ሊወርሱት ይችላሉ። ወራሾቹ በራሳቸው ክልል ማሻሻያ ማድረግ ስለሚችሉ፣ ፈጽሞ ሊለወጡ የማይገባቸውን ክፍሎች በአቅራቢው ክልል ውስጥ የማይሻሩ ተብለው እንዲሰየሙ ያድርጉ። ይህንን ስያሜ በቁጥብነት ይጠቀሙበት፤ ሁሉም ነገር የማይሻር ከተባለ ወራሾቹ ለጥቃቅኑ ጉዳይ ሁሉ ወደ እናንተ እንዲመላለሱ ይገደዳሉ። ደንባችሁን የሚወርሱት ክልሎች አባላት የእናንተን ክልል የማንበብ ፈቃድ እንዲኖራቸው አድርጉ፤ ፈቃዱን በዝርዝር ለተመረጡት ብቻ ስትሰጡም የመጋራቱ ወሰን በዚያው ይለያል።

መሥፈርቶቹን በተመለከተ ዋናው ነገር በስትሪምና በቤዝላይን መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስትሪም በየጊዜው የሚሻሻል ሕያው ሥራ ሲሆን ቤዝላይን በአንድ ወቅት የተዘጋና ከዚያ በኋላ የማይለወጥ ቅጅ ነው። ሌሎቹ ፕሮጀክቶች በአጠቃላይ ቅንብራቸው (የተመረጡ ስትሪሞችና ቤዝላይኖች በሚሰባሰቡበት) ውስጥ የእናንተን ቤዝላይን ካስገቡ፣ እናንተ በስትሪማችሁ ላይ የምታደርጉት ማሻሻያ አይደርስባቸውም፤ አዲሱን ቤዝላይን መርምረው ለመቀበል ሲወስኑ ብቻ ይቀይራሉ። ስለዚህ ስትሪሙን ለራሳችሁ ቡድን ያዙት፤ ወደ ውጭ የምትሰጡት ቤዝላይን ይሁን። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ በዶርስ ኔክስት (የዚሁ ሶፍትዌር የመሥፈርት ማስተዳደሪያ ክፍል) የፕሮጀክት ክልል ላይ ስትሪምና ቤዝላይን የሚያስችለው የቅንብር አስተዳደር አንድ ጊዜ ከተከፈተ ተመልሶ ሊዘጋ አይችልምና፣ ከመክፈታችሁ በፊት በሙከራ ክልል ላይ አይታችሁ ወስኑ።

ጥያቄ ከቡሬ፦ በማሽን ተከላ ሥራ ላይ ነኝ። በጂራ የእኛ ፕሮጀክት ከሌላ ፕሮጀክት ጋር የፈቃድ ስኪም ይጋራል። የዚያኛው ፕሮጀክት ሠራተኞች የእኛን ቲኬቶች ማየት ይችላሉ ማለት ነው?

መልስ፦ ስኪሙ በምን መልክ እንደተጻፈ ይወሰናል። የማየት ፈቃዱ ለአንድ የተጠቃሚዎች ግሩፕ የተሰጠ ከሆነ የግሩፑ አባላት ስኪሙን የሚጋሩትን ፕሮጀክቶች ሁሉ ያያሉ። ለፕሮጀክት ሚና የተሰጠ ከሆነ ግን በየፕሮጀክቱ ሚናውን የሚይዙት ሰዎች የተለያዩ ስለሆኑ፣ ስኪሙ አንድ ቢሆንም የሚያየው ሰው ይለያያል። ስለዚህ አስተዳዳሪያችሁ ፈቃዱን ከግሩፕ ወደ ሚና እንዲያዛውሩ ይጠይቋቸው። በጂራ የአስተዳዳሪ ገጽ ውስጥ የፈቃድ ማጣሪያ መሣሪያ አለ፤ የአንድን ተጠቃሚ ስም፣ የቲኬቱን ቁጥርና የፈቃዱን ዓይነት ሲያስገቡበት ሰውየው ፈቃዱን ያገኘው ወይም የተከለከለው በምን ምክንያት እንደሆነ ይዘረዝራል። ከለውጡ በኋላ ከሌላኛው ፕሮጀክት የአንድ ሠራተኛ ስም አስገብተው ውጤቱን ያሳዩዎት።