መሬቱ ሲቀልጥ ቤቱ ይዘማል

ጥያቄ፦ ብርጭቆ ውስጥ የሚንሳፈፍ በረዶ ቢቀልጥ ውሃው ሞልቶ አይፈስም። የአርክቲክ ባሕር በረዶም ተንሳፋፊ ነው። ታዲያ እሱ ስለቀለጠ የአላስካ መንደሮች ለምን ይፈርሳሉ? ከባሕር የራቁት ቤቶችስ ለምን ይዘማሉ?

መልስ፦ የብርጭቆው ነገር ልክ ነው። የባሕርን ከፍታ በዋናነት የሚጨምሩት እንደ ግሪንላንድ ባለ የብስ ላይ የተቆለለው በረዶ መቅለጡና ውሃው ሲሞቅ መስፋቱ ናቸው። ለባሕር ዳር መንደር ግን ተንሳፋፊው በረዶ አጥር ነበር። ከክረምት በፊት የሚነሳው ከባድ ማዕበል ሲመጣ ዳርቻው ቀድሞ ረግቶ ይጠብቀው ነበር። አሁን ባሕሩ ዘግይቶ ስለሚረጋ ማዕበሉ በቀጥታ አፈሩን ያገኘዋል። አፈሩን አጣብቆ የያዘው ደግሞ በረዶ ነው። ውሃው ከሥር ይቦረቡረዋል፤ ላይኛው እንደ ታዛ ተንጠልጥሎ ይቆይና በአንዴ ይናዳል። በአላስካ ባሕር ዳር ያለችው የሺሽማሬፍ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 መንደራቸውን ለማዛወር ድምፅ ሰጥተዋል። የዩፒክ (የአላስካ ነባር) ሕዝብ መንደር የነበረችውን ኒውቶክን የበላት ወንዝ ነው፤ ቤተሰቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አዲስ መንደር መርታርቪክ መግባት ጀመሩ።

ወደ ቤቶቹ እንምጣ። ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳያልፍ የቆየ መሬት ፐርማፍሮስት ይባላል። በውስጡ ያለው በረዶ ሲቀልጥ መሬቱ ይሰምጣል። እኩል ቢሰምጥ ኖሮ ጉዳቱ ቀላል ነበር፤ በረዶው ግን አንድ ቦታ ወፍራም፣ ሌላ ቦታ ስስ ስለሆነ የቤቱ አንድ ጥግ ብቻ ይወርዳል። በሮች አልገጥም ማለት የመጀመሪያው ምልክት ነው።

ቤቱ ራሱም መሬቱን ያሞቃል። ስለዚህ በምሰሶዎች ላይ ከፍ ተደርጎ ይሠራል፤ የክረምቱ ነፋስ በሥሩ እያለፈ መሬቱን ያቀዘቅዛል። የተለመደው ስህተት ወለሉ በረደኝ ብሎ ክፍተቱን በጣውላ መዝጋት ነው። ወለሉ ይሞቃል፣ ምሰሶው ይሰምጣል። ከሥር የተከመረ አመዳይም ያው ነው፤ ለመሬቱ ብርድ ልብስ ይሆናል፤ መጠረግ አለበት። የሚያፈስ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከሁለቱም ይብሳል።

ሌላው ዘዴ አሞኒያ የተሞላ ድፍን ቱቦ መቅበር ነው። ፈሳሹ ታች ሙቀት ወስዶ ይተናል፣ ከመሬት በላይ ባለው የቱቦው ጫፍ በብርዱ ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል፤ ሞተር አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ የጀመረው የአላስካ የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ ድጋፎች ላይ ከ120,000 በላይ እንዲህ ያሉ ቱቦዎች አሉ። ቱቦው የሚሠራው ግን አየሩ ከመሬቱ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ክረምቱ በለዘበ ቁጥር ሥራው ያንሳል።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ምሰሶውን የሚይዘው በዙሪያው የቀዘቀዘው አፈር ነክሶት ነው። መሬቱ ከ−3 ወደ −1 ዲግሪ ሲወጣ ገና አልቀለጠም፤ ንክሻው ግን ላልቷል።