ጅማቱ ከተላቀቀ ፊቴ ይባስ አይወድቅም ወይ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ዓመት ነው። ከአገጬ ግራና ቀኝ፣ በመንጋጋዬ ጠርዝ ላይ፣ ሥጋው እንደ ትንሽ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ያማከርኳቸው የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ፊቴን ወደ ላይ ለማንሳት አስቀድሞ የፊት ጅማቶችን ማላቀቅ እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። ፊትን ደግፈው የያዙት እነዚህ ጅማቶች ከሆኑ፣ እነሱን ማላቀቅ ችግሩን አያብሰውም ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ የሚመነጨውም ጅማት ከሚለው ቃል ይመስለናል። ቃሉ ጉልበትን ወይም ቁርጭምጭሚትን የሚያስረውን ወፍራም ገመድ ያስታውሳል። የፊት ጅማቶች ግን ከአጥንት ወይም ከጡንቻ ሽፋን ተነስተው፣ ስቡን ሰንጥቀው፣ እየተበተኑ እስከ ቆዳ የሚዘልቁ አጫጭር የቃጫ ጥቅሎች ናቸው። በክር የተወጋ ፍራሽ ያስቡ፤ ክሩ ያለፈበት ቦታ ይጎደጉዳል፣ ጥጡ ግን በክሮቹ መካከል ይነፋል።

የእርስዎም ከረጢት የተፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው። ከአገጭ ጎን ያለው የመንጋጋ ጅማት በቀጥታ ከአጥንት ስለሚነሳ ጽኑ ነው። ከእሱ ኋላ፣ በማኘኪያው ጡንቻ ፊት ለፊት ጠርዝ ላይ የተደረደሩት ጅማቶች ግን ከአጥንት ሳይሆን ከጡንቻው ሽፋን የሚነሱ በመሆናቸው ከዕድሜ ጋር ይላላሉ። በእነሱ ተይዞ የነበረው የጉንጭ ሥጋ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተትና ጽኑው ጅማት ጋ ሲደርስ ይታገዳል። እንግዲህ ከረጢቱ የሚታየው አንዱ ጅማት ስለላላ ብቻ ሳይሆን ሌላው ስላልላላም ነው።

ሐኪምዎ ማላቀቅን ያነሱት ለዚህ ነው። ከቆዳና ከስቡ ሥር፣ ሐኪሞቹ ሚትዝና ፔይሮኒ በ1976 በዝርዝር የገለጹት፣ ባለሙያዎች በአጭሩ ስማስ የሚሉት ስስ ግን ጠንካራ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ከጆሮ አካባቢ ቢሳብ፣ ስበቱ በጉንጭ አጥንትና በማኘኪያው ጡንቻ ላይ ያሉት ጅማቶች ጋ ይቆማል፤ በሚስማር የተመታን ጨርቅ ከዳር እንደመጎተት ነው። ቆዳውን ብቻ አጥብቆ መወጠር ደግሞ የተለጠጠ ፊትና ሰፊ ጠባሳ ያስከትላል። የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሙ ፈርናስ በ1989 የጉንጭን ጅማቶች ከገለጸ በኋላ፣ በ1990 የሙያ ባልደረባው ሃምራ ያስተዋወቀው ጥልቅ የፊት ማንሳት ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ጅማቶቹ ይላቀቃሉ፣ ሽፋኑ ከነስቡና ከነቆዳው አብሮ ይነሳል፣ በጽኑ ቦታም በክር ይሰፋል። ሲድንም በአዲስ ጠባሳ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ፊቱ ያለ መያዣ አይቀርም። ይህ ማለት ግን እርጅና ይቆማል ማለት አይደለም።

በእኛ አስተያየት ይበልጥ ሊያሳስብዎ የሚገባው የጅማቶቹ መላቀቅ ሳይሆን የጎረቤቶቻቸው ጉዳይ ነው። ዓይን የሚያስጨፍኑትና ከንፈር የሚያንቀሳቅሱት የፊት ነርቭ ቅርንጫፎች በአብዛኛው ጠልቀው ይሄዳሉ፤ በጉንጭ አጥንትና በማኘኪያው ጡንቻ ጅማቶች አጠገብ ግን ወደ ላይ ይቀርባሉ። እዚያ ላይ የሚደርስ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ጊዜያዊ ቢሆንም፣ አልፎ አልፎ ቋሚ ድክመት ሊያስቀር ይችላል። በዚህ ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ግን ከቆዳ ሥር ደም መጠራቀም ነው። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነም አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የተነሳው ቆዳ ደም አንሶት ሊሞት ይችላልና።

በመርፌ ከቆዳ ሥር የሚሰጠው መሙያ (ፊለር) ከከረጢቱ ፊት ያለውን ጎድጓዳ ሞልቶ ጉድለቱን ሊሸፍን ይችላል፤ የወረደውን ሥጋ ግን ወደ ቦታው አይመልስም። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሐኪምዎን የትኞቹን ጅማቶች፣ በየትኛው ሽፋን ሥር እንደሚያላቅቁ፣ በዚያ መንገድ የሚያልፈውም የትኛው የነርቭ ቅርንጫፍ እንደሆነ በሥዕል እንዲያሳዩዎ ይጠይቋቸው።