አፕዴት መሃል መብራት ለጠፋበት፦ ፎርማት እንዳታስደርግ

«ኡቡንቱ (ሊኑክስ) አፕዴት እያደረግኩ መብራት ጠፋ፤ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ፓኬጅ (ፕሮግራም) አልጭን አለኝ፤ ፎርማት ላስደርገው?» ላልከው ወንድሜ፣ አታስደርግ። የምጽፈው በስልክ ስለሆነ ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የማስቀምጣቸው፣ አንተ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፋቸዋለህ።

እኔ ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ያንተም እንደኔው ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ነው ብዬ ልቀጥል።

1. ጥገና ቤት አትውሰደው። እኔ የመጀመሪያው ጊዜ ወስጄው ጉድ ሆኛለሁ። ሰሞኑ የምረቃ ነው፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሞልቶበታል። ጠጋኙ ልጅ ገና ሳይከፍተው «ሊኑክስ ነው? ፎርማት ነው» አለኝ። ፋይል አለበት ስለው «ፋይል ዲ ላይ አይደል እንዴ የሚቀመጠው?» ዲ የሚባለው የዲስክ ክፍል የዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ የምን ዲ! ሌላ ሰው እያስተናገድኩ ነው ብሎ አስወጣኝ። ስመለስ ክራክ ዊንዶውስ ጭኖ፣ ዴስክቶፑ ላይ የመኪና ፎቶ ለጥፎ ጠበቀኝ። ስጮህበት «የማታውቀውን ለምን ትጭናለህ» ብሎ ሂሳቡንም ተቀበለኝ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ፍላሽ ላይ ነበራቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። አንዷ ግን ያላት አማካሪዋ በቀይ እስክሪብቶ የሞነጫጨረበት ወረቀት ብቻ ነበር። ጸሐፊዬ ያንን እያየች ከነማጣቀሻው እንደገና ተየበችላት፣ በነጻ። እስካሁን ያንን ቤት ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

2. መልእክቱን አንብበው። «ዲፒኬጂ (ፓኬጆቹን የሚጭነው ፕሮግራም) ተቋርጧል» የሚል ከሆነ ቀላል ነው። ሱዶ ዲፒኬጂ፣ ሁለት ሰረዝ፣ ኮንፊገር፣ ከዚያ አንድ ሰረዝና ኤ። ቀጥሎ ሱዶ ኤፕቲ፣ ሁለት ሰረዝ፣ ፊክስ ብሮክን (መሃሉ ላይ ሰረዝ አለው)፣ ኢንስቶል። ብዙ ጊዜ እዚሁ ያልቃል።

አንዳንዱ ደግሞ «ሎክ ፋይሉን (ሁለት ፕሮግራም በአንዴ እንዳይጭን የሚቆልፈውን) አጥፋው» ይልሃል። አትስማው። ቁልፉን የሚይዘው እየሠራ ያለ ፕሮግራም ነው፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይለቃል። ከተነሳ በኋላም ተይዟል ካለህ ከጀርባ ራሱ አፕዴት እያደረገ ይሆናልና ጠብቀው።

3. የኔ ሁለተኛው ጊዜ እንዲህ በቀላሉ አልለቀቀኝም። ስታተስ የሚባለውን ፋይል ማንበብ አልቻልኩም አለኝ። ዳታቤዝ ዳታቤዝ ይሉታል እንጂ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ቫር ውስጥ ሊብ፣ ሊብ ውስጥ ዲፒኬጂ ፎልደር ገብተህ ታገኘዋለህ። የተጫነው ፓኬጅ ሁሉ ስሙ፣ ቨርዥኑ፣ ሁኔታው በየአንቀጹ ተጽፏል። መብራት ሲሄድ ከሜሞሪ ወደ ዲስክ ያልደረሰው ይቀራል፤ የኔን ስከፍተው ግማሹ የማይነበብ ቆሻሻ ነበር። ደስ የሚለው፣ ሠሪዎቹ ጎንደር የኖሩ ይመስል፣ አጠገቡ ስታተስ ኦልድ የሚባል የቀድሞውን ቅጂ ያስቀምጣሉ። የተበላሸውን ስሙን ቀይረህ አቆየው፣ አትሰርዘው። ኦልዱን ስታተስ ብለህ ኮፒ አድርግ። እሱም ከተበላሸ ቫር ውስጥ ባካፕስ የሚል ፎልደር አለ፤ ለውጥ በነበረባቸው ቀናት የተወሰዱ እስከ 7 ቅጂ ይገኙበታል። ዜሮ ቁጥር ያለው የቅርቡ ነው፣ የቆዩት ዚፕ ስለሆኑ ፍታቸው። የቆየ ቅጂ ከመለስክ ከዚያ ወዲህ የጫንከውን አያውቅም፣ ስለዚህ አፕዴቱን ከመጀመሪያው ድገመው።

እኔ ይህን የሠራሁት ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ «አልቋል ወይ?» እያለኝ ነው። ሲነሳልኝ ያን ጥገና ቤት ጠርቼ ላሳየው አማረኝ፣ እውነቴን ነው።

4. ከዚህም በኋላ የአንድ ፓኬጅ ሊስት ፋይል (የፓኬጁ ፋይሎች ዝርዝር) «መጨረሻው መስመር ጎደለ» ካለህ፣ እዚያው ዲፒኬጂ ፎልደር ውስጥ ካለው ኢንፎ ፎልደር ያንን ፋይል ብቻ ወደ ሌላ ቦታ አንሳውና ፓኬጁን በሪኢንስቶል መልሰው። ሌላ ስም ከጠራ ለእሱም እንዲሁ። አሰልቺ ነው፣ ግን ያልቃል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዛ የሚሉህ አሉ፣ ልክ ናቸው፤ ዋጋውን ግን እነሱ አይከፍሉልህም። እኔ አሁን አፕዴቱን መጀመሪያ አውርድ ብቻ ብዬ አወርዳለሁ፤ መጫኑን ጎረቤት ካፌ ጄኔሬተር ሲያስነሳ ገመድ ስቤ እጨርሳለሁ።

ያንተ መልእክት ከነዚህ ከተለየ ስክሪኑን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው። ማታ ሱቅ ስዘጋ አየዋለሁ።