የፕሮስቴት ናሙና በየት በኩል ይወሰድ?

ጥያቄ፦ አባታችን 68 ዓመታቸው ነው። የፒኤስኤ (የፕሮስቴት የደም ምርመራ) ውጤታቸው 9 ስለሆነ ከፕሮስቴታቸው ናሙና እንዲወሰድ ታዟል። አንዱ ሐኪም በፊንጢጣ በኩል ይወሰዳል አሉን፤ ሌላው በቆዳ በኩል ይሻላል ይላሉ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ በቀጭን መርፌ መጥጦ ማየት ይበቃል ባይ ናቸው። የቱን እንምረጥ?

መልስ፦ ቀጭኑን መርፌ ይተዉት። ለእንቅርት ጥሩ ምርመራ ነው፤ ለፕሮስቴት ግን አይበቃም። መጥጦ የሚያወጣው የተበታተኑ ሴሎችን ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ክፋት የሚለካበት የግሊሰን ነጥብ ደግሞ የሚሰጠው ሴሎቹ በእጢው ውስጥ እንዴት እንደተደረደሩ ታይቶ ስለሆነ፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) ያልተበተነ ሥጋ ያስፈልገዋል።

ለዚህ የሚያገለግለው በስፕሪንግ የሚተኮስ ባለ 18 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት መለኪያ) መርፌ ነው። በአንድ ምት ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ፣ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ክር መሳይ ናሙና ቆርጦ ያወጣል። መርፌው ሲተኮስ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ይወረወራል። ስለዚህ ሐኪሙ ጫፉን የእጢው ጠርዝ ላይ አቁሞ መተኮስ አለበት። አስቀድሞ ወደ ውስጥ ከገፋው ካንሰር በብዛት የሚነሳበትን የውጭኛውን ክፍል ዘሎ ያልፈዋል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ በሁለቱም መንገድ የአልትራሳውንዱ ዘንግ የሚገባው በፊንጢጣ ነው፤ ልዩነቱ የመርፌው መግቢያ ነው። በፊንጢጣ ግድግዳ በኩል ሲሆን መርፌው የአንጀት ባክቴሪያ ይዞ ደም ወደሚበዛበት እጢ ይገባል። ለዚህ ነው አስቀድሞ አንቲባዮቲክ የሚሰጠውና ፊንጢጣው በፖቪዶን አዮዲን የሚጸዳው። ሆኖም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመዱ ባክቴሪያዎች እየበዙ ነው። አባትዎ በቅርብ ወራት አንቲባዮቲክ ወስደው ወይም ሆስፒታል ተኝተው ከነበረ ለሐኪሙ ሳይነግሩ እንዳይቀሩ።

ሁለተኛው መንገድ በዘር ፍሬ ከረጢትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል ነው። ቆዳው በደንብ ስለሚጸዳ ኢንፌክሽን ወደ ደም የመግባቱ ዕድል በጣም ያንሳል። ከፊት በኩል ያለውን የእጢውን ክፍል ለመድረስም ይመቻል። የአውሮፓ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያም ይህንኑ ያስቀድማል። ጉድለቱ ቆዳውም የውስጡም ሥጋ በሊዶኬይን በደንብ ካልደነዘዘ ማሳመሙ ነው፤ ናሙናው ሲበዛም ለጥቂት ጊዜ ሽንት ሊከለክል ይችላል። ሁለቱም ካሉ እኛ በቆዳ በኩል ያለውን እንመርጣለን። ያለው በፊንጢጣ በኩል ያለው ብቻ ከሆነ ግን ጥንቃቄው ተሟልቶ ይሠራ እንጂ ምርመራው መቅረት የለበትም።

ከመንገዱ ያላነሰ የሚወስኑ ነገሮችም አሉ። ኤምአርአይ ከተገኘ ከናሙናው በፊት ይነሳ፤ በኋላ ከሆነ የመርፌው ደም ለሳምንታት ምስሉን ያደናግራል። አጠራጣሪ ቦታ ከታየ፣ ከተለመዱት 12 ያህል ናሙናዎች ሌላ ከዚያው ቦታ ከ3 እስከ 5 ይጨመራል። ናሙናዎቹ የተወሰዱበት ቦታ ተጽፎባቸው በየብልቃጡ ፎርማሊን ውስጥ ይግቡ። አንድ ብልቃጥ ውስጥ ከታጨቁ ተጠላልፈው ይሰባበራሉ፤ ካንሰሩ በቀኝ ይሁን በግራ መለየትም አይቻልም።

ከቀጠሮው በፊት ሽንታቸው ይመርመር። ኢንፌክሽን ካለ ናሙናው ይቆያል፤ ፒኤስኤውም በዚሁ ምክንያት ጨምሮ ሊሆን ስለሚችል ከታከሙ በኋላ ይደገማል። የደም መርጋትን የሚከላከሉትን ዋርፋሪን ወይም ክሎፒዶግሬል የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በራሳቸው አያቋርጡ።

ናሙናው ከተወሰደ በኋላ በሽንትና በሰገራ ላይ ለጥቂት ቀናት፣ በዘር ፈሳሽ ላይ ደግሞ ለሳምንታት ደም ቢታይ የሚጠበቅ ነው። ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ካንቀጠቀጣቸው ወይም ሽንት እንቢ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ ውጤቱ “ካንሰር አልተገኘም” ቢል አበቃ ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። መርፌው ያልደረሰበት ቦታ ሊኖር ይችላል። ፒኤስኤው እየጨመረ ከሄደ ወይም በኤምአርአይ የታየው ቦታ በናሙናው ካልተነካ ሐኪሙ በድጋሚ ሊያዝ ይችላል። ፒኤስኤውን በማግስቱ አያስለኩ፤ መርፌው ራሱ ከፍ ስለሚያደርገው ቢያንስ 6 ሳምንት ይቆዩ።